አንድ ሽማግሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ

እኔ ቀልዴን ጥዬ የምገባባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ለቅሶ ቤትና ሽምግልና። ለቅሶ ቤት አንድ ጊዜ ረስቼ ቀልጄ፣ ሟቹ ተነሥቶ «አሁንስ አበዛኸው» ሊለኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ሽምግልናን ግን ሞክሬው አላውቅም፤ ምክንያቱም ጢሜ እስኪሸብት ድረስ በመቀሌ ከተማ «ሽማግሌ ሁነኝ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ እንደምትለው፣ እኔን ለሽምግልና የሚልክ ሰው ልጅቷን እንዲከለክሉት የፈለገ ብቻ ነው።

የላከኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ሰሜን በኩል፣ ወደ ውቅሮ መውጫው ላይ በርና መስኮት ይበይዳል። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወሎ ተቀብሯል፤ እዚህ አገር ከእኔ በቀር የሥጋ ዘመድ የለውም። ይህ ልጅ አንዲት ልጅ ወደደ። ወደደ ስል እንዲያው ዝም ብሎ መውደድ አይምሰላችሁ፤ አንድ ደንበኛ መስኮት አዝዞት በር ሠርቶ ሰጠው፤ በሩም የሚከፈተው ወደ ግድግዳው ነበር።

የልጅቷ አባት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከዚህች ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ቃላሚኖ አካባቢ ይኖራሉ። ከእኛ በፊት ሌላ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር። «እንመክርበታለን» ብለው ሸኟቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየመከሩ ነው። ከማን ጋር እንደሚመክሩ እግዜር ይወቀው። የወንድሜን ልጅ እንቅልፍ የነሣው ይኸ ነው።

«አጎቴ፣ ያለ መልስ እንዳትመጣ» አለኝ። «እምቢ ካሉም እምቢ ይበሉኝ፣ እችለዋለሁ። ‹እንመክራለን› ካሉ ግን አለቀልኝ።»

ለልጅቷ ነገራት፤ እሷም ለአባቷ ነገረች ተባልኩ። የመጣልኝ መልስ ግን ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት እንዳ ኢየሱስ ምሽጉ ላይ እንድመጣ። ቤታቸው አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ጣልያን በመጀመሪያው ወረራው ዘመን ከኮረብታው ላይ የሠራው ምሽግ። ሽማግሌ ተቀብሎ ምሽግ ላይ የሚያነጋግር አባት አይቼም ሰምቼም አላውቅ። የወንድሜን ልጅ ለምን እዚያ አልኩት። ሰው የሚመዝኑት እዚያ ይሆናል አለኝ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን። አንዱ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ከጫማ ሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ነው፤ የመቀሌ ተወላጅ፣ በሽምግልና ያላጋባው ሰው ቢኖር ራሱን ብቻ ነው የሚባልለት። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ። ዓርብ በማለዳ ግን አንድ ሰው ሞተ፤ የጎረቤቴ አክስት ባል። ጎረቤቴ ቀባሪ ሆነ፣ የንስሐ አባቴ ፍታት ላይ ቆሙ። በአንድ ሟች ሁለት ሽማግሌ አለቀብኝ። ቀኑን እናዛውር ብል የወንድሜ ልጅ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሆነ። ጎረቤቴ ከለቅሶው ድንኳን ወጥቶ፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ፣ ሕጉን ቆሞ አስጠናኝ። ጉዳይህ ሳይሰማ አትቀመጥ። መልስ ሳታገኝ ውሃም ቢሆን አትቅመስ። እሳቸው ራሳቸው «ምን እግር ጣለህ» ብለው ሳይጠይቁህ ነገሩን አታንሣ። ሦስቱን በልቤ እየደጋገምኩ ባጃጅ ላይ ወጣሁ።

ያደረግሁት ጫማ ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ሰው አልገዛው ብሎ የከረመ ጥቁር ጫማ ነበር። ለምን እንዳልተሸጠ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ገባኝ። ይህን ጫማ የሠራው ሰው እግር ጣት እንዳለው የሰማ አይመስለኝም።

ምሽግ ሲባል እኔ የጠበቅሁት እንደ ጎንደር ያለ ግንብ ነበር። ያገኘሁት የተጠረበና ያልተጠረበ ድንጋይ ካብ ነው፤ እዚህ ቆሞ፣ እዚያ ፈርሶ፣ መሐል ላይ ቁጥቋጦ በቅሎበት። የወሎ ፍየል ሳትንደረደር የምትዘለው ቦታ ሁሉ አለው። መምህሩ ከካቡ ጥግ ቆመው ይጠብቁኛል። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ትከሻቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳ አንግተዋል። በትግርኛ እንቋዕ ብደሓን መጻእካ ብለው ሁለቱንም እጄን ያዙኝ፤ ፊታቸው እንደ ዓመት በዓል ያበራል። እኔም ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን ሰጠሁና ጥያቄውን መጠበቅ ጀመርኩ።

«በል ሐወይ፣ ከዚህ እንጀምር» አሉ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «አንተ ጠላት ነህ እንበል።»

ደነገጥኩ። «መምህር፣ እኔ እንኳ በሰላም ነው የመጣሁት።»

«ጠላት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉና ከዘራቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጉ። «ወደታች ውረድና በዚያ በኩል ወደ እኔ ና።»

ይህ ምዘና ነው አልኩ በልቤ። የወንድሜ ልጅ እውነቱን ነው። ወረድኩ። ቁልቁለቱን በዚያ ጫማ መውረድ ጣቶቼን አንድ ባንድ ለእግዜር መልሶ እንደ መስጠት ነው። ታች ደርሼ ዞር ስል መምህሩ ካቡ ላይ ወጥተው ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ደግነዋል። ና አሉኝ በእጃቸው። መጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ «ሞተሃል» አሉኝ። ቆምኩ። አይ፣ በሌላ በኩል ሞክር አሉኝ። በሌላ በኩል ሞከርኩ፤ እዚያም ሞትኩ። ቁጥቋጦ ተከልዬ ልምጣ ብል፣ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ነበር፣ ስለዚህ አሁንም ሞተሃል አሉኝ። የማዕዘኑ ካብ ለምን ወደ ውጭ ወጣ እንዳለ ከላይ ሆነው እየጮኹ አስረዱኝ፤ ግንቡ ሥር ተለጥፎ የመጣውን ሰው ከሁለት በኩል በጎኑ ለመምታት ነው። ይህንንም ሥሩ ተለጥፌ፣ ከሁለት በኩል ሞቼ አረጋገጥኩ።

ለወንድሜ ልጅ ስል እንደዚያ ቀን የሞትኩበት ቀን የለም። ላይ ስደርስ ላቤ ከኮቴ በታች እየወረደ ነበር። መምህሩ ደስታቸው ልክ አጥቷል፤ ስንት ሰው እዚህ አምጥቼ እንደ አንተ ሳያጉረመርም የሞተልኝ የለም አሉኝ። ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባኝም። እርግማን ቢሆንም ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ውስጡን አዞሩኝ። የሾለ እንጨት በዙሪያው እንዴት እንደ ተተከለ፣ በባዶ እግሩ የሚመጣውን ወታደር ለማቁሰል የተሰበረ ጠርሙስ እንዴት እንደ ተበተነ፣ የተኩሱ ቀዳዳ ከውስጥ ሰፊ ከውጭ ጠባብ የሆነው ለምን እንደሆነ። በአንዱ ቀዳዳ አይኔን አስጠግቼ እንዳይ አዘዙኝ። አየሁ፤ መቀሌ በሙሉ፣ ቆርቆሮዋና ፎቋ፣ የጣት ጥፍር አክላ ትታያለች። አንተ ከውጭ ሆነህ አታየኝም፣ እኔ ከውስጥ ግን ሁሉን አያለሁ አሉ። እኔ ይሄንንም ስለ ልጃቸው እየነገሩኝ መሰለኝና «ልክ ነው መምህር፣ አባት እንደዚያ ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የማን አባት?» አሉ። ወደ ቀዳዳው ተመለስኩ። ገና ምን እግር ጣለህ አልተባልኩማ።

ካቡ ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ሲደርሱ አረፍ እንበል ብለው ተቀመጡ፣ አጠገባቸውም ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉልኝ። የጎረቤቴ ሕግ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እቆማለሁ አልኳቸው። ወገብህን ያምሃል አሉ። አያመኝም አልኩ። ታዲያ ተቀመጥ አሉ። ይሁን፣ መቆም እወዳለሁ አልኩ። ዕድሜ ልኩን መቆም የማይወድ ሰው እንዲህ ሲል ባለቤቴ ብትሰማ ከኮረብታው በሳቅ ትንከባለል ነበር። መምህሩ ግራ ገብቷቸው ከቦርሳቸው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አወጡና ዘረጉልኝ። ጠርሙሱ ላብ አልብቶታል፤ ቀዝቃዛ ነው። ምላሴ በዚያን ሰዓት የጫማ ሶል ሆኖ ነበር፤ ቢቆረጥ አንድ ጥንድ ይወጣዋል። አይ፣ ይቅርብኝ አልኳቸው።

መምህሩ ጠርሙሱን ይዘው ጥቂት ቆዩ። «ዓርብ ነው ለካ» አሉ ለራሳቸው፣ ፊታቸው ቅልት ብሎ። ከዚያ ክዳኑን ሳይከፍቱ ወደ ቦርሳው መልሰው ከተቱት፣ ነጠላቸውንም በላዩ ደረቡበት። ለምን እንዳፈሩ አልገባኝም። እኔ የገባኝ መልሱ መራቁን ነው።

ተነሥተን ሄድን። አሁን ዝግ ብለው ነው የሚራመዱት። ከኮረብታው ጫፍ ወደ ሸለቆው የሚያሳይ ቦታ ላይ አቁመው የምሽጉን መጨረሻ ነገሩኝ። ከውጭ የከበቡት ሰዎች ግንቡን በመሰላልም በጉልበትም ሞክረው አልሆነላቸውም። ውሃው ግን ከታች፣ ከግንቡ ውጭ ነበር። ያን ሁሉ ድንጋይ ሲክቡ፣ ያን ሁሉ ጠርሙስ ሲሰብሩ፣ ምንጩን ውጭ ትተውት ነበር። የከበቡት ምንጩን ያዙ፤ ውስጥ ያሉት ውሃ በኩባያ እየተሰፈረላቸው፣ በቅሎዎቻቸው በጥም እየወደቁ፣ በመጨረሻ ምሽጉን ለቀው ወጡ።

«ለመቀሌ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም» አልኩ፤ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ ሲወጣ አቧራ ይዞ ወጣ። «እኛ ሰፈር ቧንቧው ውሃ ያመጣ ቀን ሰርግ ያለ ይመስላል። ጣልያን እኛን ቢያማክር ኖሮ መጀመሪያ በርሜል ግዛ እንለው ነበር።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን በመሐል ደረቀ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን ወደ ሸለቆው አየን። እኔ እዚያ ታች ምንጩ እስከ ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ ግን ሲንቆረቆር ይሰማኝ ነበር፣ እምላለሁ።

መምህሩ ካቡን ተደገፉ። ከኪሳቸው ትንሽ ኪኒን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩት፤ እኔን አዩ፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ምነው አልኳቸው።

«የስኳር መድኃኒት ነው። ያለ ውሃ አይወርድም።»

«ውሃው ቦርሳዎ ውስጥ አይደል እንዴ?»

«ጾመኛ ፊት እንዴት እጠጣለሁ?» አሉ። «አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሰው ነህ። እኔ ሐኪም ከልክሎኝ ነው እንጂ እጾም ነበር። በዚህ ዳገት ላይ ሞተህልኝ፣ እኔ ፊትህ ልጎነጭ?»

«መምህር፣ ማን ጾመ?»

«ታዲያ ለምን አትጠጣም? ለምን አትቀመጥም?»

ከዚህ በኋላ ሕግ የለም አልኩ። ሽማግሌው የልጅቷን አባት በውሃ ጥም ገደለው ከሚባል ሕግ ማፍረስ ይሻላል። ኮቴን አስተካክዬ፣ እግሬን ገጥሜ፣ «መልስ ሳላገኝ እንዴት እጠጣለሁ?» አልኩ።

«የምን መልስ?»

ነገርኳቸው። የወንድሜን ልጅ፣ ብየዳውን፣ ወደ ግድግዳ የሚከፈተውን በር፣ ልጃቸውን። ጎረቤቴ ያስጠናኝ ያማረ ንግግር ነበር፤ «ከደጃችሁ የወጣ ዘመድነት ይኑረን» የሚለው። አንዱም ቃል አልመጣልኝም። መምህሩ እስክጨርስ ሰሙኝ፣ ጠርሙሱን አወጡ፣ ኪኒኑን ዋጡ፣ ክዳኑን ገጠሙ።

«ልጄ አንድ የወሎ ሰው ምሽጉን ማየት ይፈልጋል ነው ያለችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ደስ ብሎኝ ተዋጊዎቹ የዋሉበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ሥዬልህ ነበር።» ቦርሳቸውን ነካ አደረጉ። ያን ሰዓት ካቡ ተንዶ በውስጡ ቢቀብረኝ አልጠላም ነበር። «ለመሆኑ ሽማግሌ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«አንተ ስንት ነህ?»

«አንድ።»

«ታዲያ አንድ ሰው በምን ሽማግሌ ይባላል? ብቻውን የመጣ ሰው እንግዳ ነው። እኔ በየት አውቄ ምን እግር ጣለህ ልበልህ?»

ለቅሶውን ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ። እኔ አሁንም አልተቀመጥኩም። ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ከዘራ ይዞ የተኮሰብኝ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«መንገዱም ስልኩም የተዘጋ ጊዜ ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ነበረች። ትኑር ትሙት ሳላውቅ ነው የከረምኩት። እሷም እኔን እንደዚያው። ይሄ ልጅ ይቺንም ወደ አገሩ ይዞብኝ ይሄዳል?»

ለዚህ ጥያቄ ጎረቤቴ መልስ ሰጥቶኝ ነበር። «እንዴት ተደርጎ፣ ከዓይንዎ አትርቅም» በል ብሎኛል። አፌ ላይ ደርሷል። ግን የእኔም እናት ያን ጊዜ ወሎ ነበረች፣ እኔ እዚህ። መሞቷን የሰማሁት መንገድ ሲከፈት ነው፤ ተዝካሯ ካለፈ በኋላ። በሕይወቴ ቀልድ ፈልጌ ያጣሁት ያን ቀንና ይህን ቀን ነው።

«አላውቅም፣ መምህር» አልኩ። «ሥራው እዚህ ነው፤ ዛሬ የመሄድ ሐሳብ የለውም። ነገ መንገዱ ምን እንደሚሆን ግን እኔ ለራሴም አላውቅ።»

ከዚያ ጠርሙሱን ሰጡኝ።

«ጠጣ።»

«እንደ ምን ልጠጣው?»

«እንደ እንግዳ።»

«መልሱስ?»

«እሑድ ሦስት ሆናችሁ ቤት ኑ። ቤቱ ወንበር አለው።»

ይህ እሺ ነው እምቢ? ጠርሙሱን ይዤ ብዙ አሰብኩ፤ ብዙ ስል አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ጠጣሁ። ያን ውሃ ስጠጣ ምንጩ ሁሉ በጉሮሮዬ አለፈ፣ ዓሣ ቢኖረው ዓሣውም ያልፍ ነበር። ከዚያ ጠርገውልኝ የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬንም አወለቅሁ። መምህሩ ወረቀቱን ዘረጉልኝና የምሽጉን በር አቅጣጫ ያሳዩኝ ጀመር። አሁን በእውነት ላየው ፈልጌ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዳገቱን ስወርድ የወንድሜ ልጅ ደወለ። ምን አሉ አለኝ። «ጠጣሁ» አልኩት፤ እንደ እንግዳ ልለው ነበር፣ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። መልስ ያላገኘ ሽማግሌ እንደማይጠጣ ደግሞ ልጁ ያውቃል። ሮማናት ስደርስ ባለቤቴ ደውላ ለሰርጉ ምን ልልበስ አለችኝ። ጎረቤቴ ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ልኮብኛል፣ በለቅሶ ቤት። እንደ እንግዳ ነው የጠጣሁት ብዬ ለማን ላስረዳ? እኔ ራሴ ገና አልገባኝም። እስከ እሑድ ድረስ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያልኩ ሰነበትኩ።

እሑድ ሦስት ሆነን ሄድን። በሩ ውስጥ ቆምን። መምህሩ እኔን አይተውኝ እንደማያውቁ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱንና «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ። የንስሐ አባቴ ባረኩ፣ ጎረቤቴ ተናገረ፤ እንዴት እንደ ተናገረ! ለራሴ የሚዳር ልጅ ቢኖረኝ እዚያው እሰጠው ነበር። ሲጨርስ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንመክርበታለን» አሉ።

የወንድሜ ልጅ ከውጭ በባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ ፊቱ ታየኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኩ፣ ያ «አላውቅም» የሚለው ቃሌ ነው። ጎረቤቴ እንኳ ለመሄድ ነጠላውን አስተካከለ። መምህሩ ግን ሊሸኙን ወደ በሩ አልመጡም። ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። ከውስጥ የእሳቸው ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ። ቃሉ አይሰማም። አንዴ ልጅቷ እንደ ማልቀስም እንደ መሳቅም ያለ ነገር አሰማች። ሦስታችን መሐል ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ቆመን ቀረን።

መምህሩ ሲመለሱ በሰሐን ላይ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይዘዋል። ለካ የሚመክሩት ከልጃቸው ጋር ነበር። ከእኛ በፊት ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ልጅቷ ምን ብላ እንደ መለሰችላቸው ያኔ ገባኝ።

«መከርን» አሉ። ብርጭቆውን መጀመሪያ ለእኔ ዘረጉ።

ከካህኑ በፊት ለእኔ። ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አልጠጣሁም።

«እንደ ምን ልጠጣው?» አልኳቸው።

«እንደ ዘመድ» አሉ፤ ወንበሩንም በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ዓርብ ደግሞ ልጁን ይዘኸው ወደ ምሽጉ ና። ጫማ ለውጥ።»